ከቀለም ስር የቀረ ዝገት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከቤት ውጭ ስላለ ብረት ናቸው፦ ስለ በር፣ ስለ አጥር፣ ስለ ጣሪያ ቆርቆሮ፣ ስለ መስኮት ፍርግርግ። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ "የትኛው ቀለም ይሻላል?" ብለው ይጀምራሉ። እኛ አስቀድመን የምንጠይቀው ውሃው የት እንደሚቆም ነው። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክሲጅን በአንድነት ሲያገኙት ነው፤ ከሁለቱ በእጃችን ያለው ውሃውን መከልከል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ የብረት በር አሠርቼ አንድ እጅ አንቲረስት፣ ሁለት እጅ የዘይት ቀለም ተቀባ። ዓመት ሳይሞላው ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ነው። ብየዳው አካባቢ ደግሞ ቡናማ መስመር ወጥቷል። የተበላሸ ቀለም ሸጠውልኝ ይሆን?

መልስ፦ ቀለሙን ለመውቀስ አይቸኩሉ። ከተነሳው ቀለም አንድ ቁራጭ ይላጡና ጀርባውን ይመልከቱ። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ስስ ግራጫ ቅርፊት ተጣብቆበት ከተነሳ፣ ጥፋቱ የፋብሪካ ቅርፊት ነው። ብረት ግሎ ሲዳመጥ ፊቱ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይህን ቅርፊት ያወጣል። ጠንካራና ለስላሳ ስለሆነ ንጹሕ ብረት ይመስላል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ግን ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው እርጥበት ከስሩ ያለውን ብረት ይበላና ቅርፊቱ ቀለሙን ተሸክሞ ይነሳል። የልጣጩ ጀርባ ንጹሕ ሆኖ ብረቱም የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ ቅባት ነው። ስስ ላሜራ በመጋዘን እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቶ ይመጣል፤ ሳይታጠብ ከተቀባ ቀለሙ ዘይቱን ይዞ ይቀራል እንጂ ብረቱን አይነካም። በአንድ በር ላይ ሁለቱም ሊገኙ ይችላሉ፤ አንጎላሬው ላይ ቅርፊት፣ ላሜራው ላይ ዘይት።

ማስተካከያው ከእጥበት ይጀምራል። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና በሩን በሙሉ ፈትገው በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ። ቅባቱ የጸናበትን ቦታ በቲነር ይጥረጉ፣ ግን በሁለት ጨርቅ፦ አንዱ ቲነር የነካ፣ ሌላው ደረቅና ንጹሕ። በአንድ ጨርቅ ብቻ የሚጠርግ ሰው ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዛውራል። እጥበት ከመፋቅ በፊት መሆን አለበት የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግራይንደርና ብርጭቆ ወረቀት ቅባቱን በጭረቱ ውስጥ እየቀበሩት ይሄዳሉ።

ቀጥሎ ልቅ የሆነውን ቀለም በሙሉ ያንሱ። አጥብቆ የያዘውን ቀለም ማንሳት አያስፈልግም፤ ዳሩን ግን በብርጭቆ ወረቀት አሳስተው ከብረቱ ጋር ደረጃ እንዳይኖረው ያድርጉ። ለቅርፊቱ የሽቦ ብሩሽ አይበቃም። ሽቦው ቅርፊቱን ከማንሳት ይልቅ ያጸዳዋል፣ ያብለጨልጨዋል፤ ለዓይን ያማረ፣ ለቀለም ግን የሚያንሸራትት ፊት ይተዋል። ባለ 60 ወይም ባለ 80 ቁጥር ፍላፕ ዲስክ (የብርጭቆ ወረቀት ቅጠሎች የተደረደሩበት ዲስክ) ግራይንደር ላይ ገጥመው፣ ጥቁር ግራጫው ጠፍቶ ነጣ ያለ ብረት እስኪታይ ይፍጩ። ስስ ላሜራ ላይ ዲስኩን አንድ ቦታ አያቁሙ፤ ይግልና ይጣመማል።

ብየዳው የራሱ ጣጣ አለው። ከብየዳ በኋላ የሚቀረው ብርጭቆ መሰል ቅርፊትና ዙሪያውን የተረጨው የብረት ጠብታ በመዶሻና በመሮ ካልተነሳ፣ ቀለሙ በላያቸው ያልፍና አብሯቸው ይወድቃል። ቅርፊቱ ራሱ እርጥበት ይስባል። ሌላው ችግር ቆረጥ ቆረጥ እየተደረገ የተበየደ መጋጠሚያ ነው፦ በሁለቱ ብየዳ መካከል የቀረችው ክፍተት ውሃ ትይዛለች፣ ብሩሽም አይደርስባትም። የእርስዎ ቡናማ መስመር የሚወጣው ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ወይ ሙሉ ለሙሉ ይበየድ፣ ወይም አንቲረስቱ ከደረቀ በኋላ በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ይዘጋ።

ስለት ያለውን ጠርዝ ሁሉ በትንሹ ያክብቡት። ፈሳሽ ቀለም ሲደርቅ ከስለት ላይ ይሸሻል፤ ሜዳው ላይ ወፍራም የሆነው ቀለም ጠርዙ ላይ እንደ ሐር ስስ ይሆናል። ስለዚህ ሙሉውን ከመቀባትዎ በፊት ጠርዙን፣ ብየዳውንና የብሎኑን ራስ ብቻ በትንሽ ብሩሽ አንድ ጊዜ ይቀቡ። ጥሩ ቀቢና ግዴለሽ ቀቢ የሚለዩት እዚህ ላይ ነው።

የተፋቀ ብረት አያድርም። በዚያው ቀን፣ ቢቻል በ4 ሰዓት ውስጥ፣ የመጀመሪያውን እጅ አንቲረስት ይቀቡ። ሌሊት ያደረ ብረት ፊቱ ብርቱካንማ ካወጣ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ይነካ። ሲገዙ የቀለሙ ጣሳ ላይ "ዚንክ ፎስፌት" የሚል ይፈልጉ። ቀይ ቡናማ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም፤ ቀይ የብረት ኦክሳይድ ቀለም ይሰጣል እንጂ በራሱ ዝገት አያስቆምም። አንቲረስት ሁለት እጅ፣ የላይኛው ቀለም ሁለት እጅ። የዘይት ቀለም አንድ እጁ ሲደርቅ ወደ 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ገደማ ስለሚሆን፣ አራቱ ተደምረው እስከ 160 ማይክሮን ይደርሳሉ። በአንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ይህን አይተካም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እንደ ሙጫ ይቀራል፣ ይጨማደዳልም።

የሚፈጀውን መጠን ለመገመት 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በላሜራ የተሸፈነ በር እንውሰድ። ሁለቱ ፊት 12 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ያህል ይቀባል ብንል፣ ሁለት እጅ አንቲረስት 2.4 ሊትር፣ ሁለት እጅ የላይ ቀለምም እንዲሁ 2.4 ሊትር ይፈጃል። ለብሩሽና ለብክነት ጨምረው ከእያንዳንዱ 3 ሊትር ያህል ይያዙ። ቀቢው በአንድ ሊትር ጨረስኩ ካለ ቲነር አብዝቶበታል ማለት ነው፤ ለብሩሽ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይበቃል።

ጠዋት ጤዛ ባለበት ብረት ላይ አይቀቡ። እጅዎን አሳርፈው መታገሥ የማይችሉት የጋለ ብረትም አይቀባም። እንዲሁም አንቲረስቱን ብቻ ቀብቶ "የላዩን ሌላ ጊዜ" ማለት ይቅር። አንቲረስት እርጥበት ያስገባል፤ ለወራት በዝናብ ከቆየ ገንዘቡም ድካሙም ባከነ።

ጥያቄ፦ የአጥራችን የብረት ቋሚዎች ከላይ ደህና ናቸው። ኮንክሪቱን የሚነኩበት ቦታ ላይ ብቻ እየተበሉ ነው። በየዓመቱ እንቀባለን፣ በየዓመቱ ይመለሳል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ትኩስ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአልካሊነቱ መለኪያ) ከ12 በላይ ስለሆነ ብረቱን ይጠብቀዋል። አየር ላይ ያለውም ዝናብ ሲያባራ ይደርቃል። መከራው መገናኛው ላይ ነው። ኮንክሪት ሲደርቅ በጥቂቱ ይሰበሰባል፣ ቋሚውም ነፋስ በገፋው ቁጥር ይነቃነቃል፤ በመካከላቸው ፀጉር የምታህል ክፍተት ትከፈታለች። ውሃ ይገባባታል፣ መውጫ ግን የለውም። በክፍተቷ ውስጥ ያለው ውሃ ኦክሲጅኑ ሲያልቅ፣ ከላይ ኦክሲጅን ከሚያገኘው እርጥብ ብረት ጋር እንደ ትንሽ ባትሪ መሥራት ይጀምራል። የሚበላውም ኦክሲጅን ያነሰው የውስጡ ጎን ነው። እናንተ በየዓመቱ የምትቀቡት ከክፍተቷ በላይ ያለውን ነው።

በየቋሚው ዙሪያ ኮንክሪቱን በመሮ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይፈልፍሉ። ዝገቱን ጠርጋችሁ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ አድርጉ፤ በካቻቪቴም ገፋ አድርጉ። ካቻቪቴው ከገባ ወይም ብረቱ ከተሰረጎደ ቀለም አያድነውም። አጥሩን በድጋፍ አቁማችሁ፣ ከደህናው ብረት እስከ ደህናው ብረት የሚደርስ ማጠናከሪያ ይበየድበት፣ ወይም ቋሚው ይቀየር።

ደህና ከሆነ፣ ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ከጉድጓዱ ወለል ጀምሮ ከኮንክሪቱ በላይ 10 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ሁለት እጅ ኤፖክሲ ይቀባ። ሬንጅም መጠቀም ይቻላል፤ ግን ሬንጁ ከሚቀበረው ክፍል አይውጣ፤ በላዩ የተቀባ የዘይት ቀለም ቡናማ እያወጣ ይበላሻል። ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ ለውሳችሁ ጉድጓዱን ሙሉ፤ ቋሚው ጋ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ አድርጋችሁ ጨርሱት። ዋናው ሥራ ይህ ተዳፋት ነው። ልስኑ ሳምንት ያህል ጠንቶ ሲደርቅ ብረቱና ሲሚንቶው የሚገናኙበትን ዙሪያ በፖሊዩሬታን ማሸጊያ ዝጉት።

ሲሊኮን ካላችሁ ቀድማችሁ አሽቱት። ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ ብረትና ዚንክ ይበላል፣ ሲሚንቶም አጥብቆ አይዝም። ቀለምም አይቀበልም።

ከዚህ በኋላ አፈር፣ ቅጠልና ሣር ቋሚው ሥር አይከመር። ማዳበሪያ ሲበተን ይራቅ፤ ጨው ነውና። የውሻ ሽንትም እንደዚያው። ሁልጊዜ አንድ ጥግ ላይ ያለ ቋሚ ብቻ ከዛገ ውሻውን መጠርጠር አይከፋም።

ጥያቄ፦ የበራችን የታችኛው ቱቦላሬ ጎኑ አብጧል፤ በብየዳው ስንጥቅም የዛገ ውሃ ይንጠባጠባል።

መልስ፦ ከውስጥ ወደ ውጭ እየዛገ ነው። ዝገት ከተነሳበት ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል፤ እብጠቱ የመጣው ከዚያ ነው። ቱቦላሬ ወይ ዙሪያውን ሳይቋረጥ ተበይዶ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት፣ ወይም ውሃው የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልገዋል። ግማሹ የተዘጋው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውሃ በስንጥቅ ይገባል፣ እርጥብ አየርም ሌሊት ውስጡ ገብቶ ጤዛ ይሆናል።

በሩ እንደተሰቀለ በቱቦላሬው የታችኛው ፊት ላይ በሁለቱም ጫፍ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ በትራፓኖ ይብሱ። ፑንታው ያለ ድካም ሾልኮ ከገባ ብረቱ ሳስቷል፤ ያበጠው ክፍል ተቆርጦ ይቀየር። ጠንካራ ከሆነ ውሃው ወጥቶ ጥቂት ደረቅ ቀናት ይለፉና ለመኪና አካል ውስጥ የሚረጨውን ፀረ-ዝገት ሰም በቀዳዳው ይርጩበት። ብየዳ ካለ ከሰሙ በፊት ይለቅ፤ ሰም ያለበት ቱቦ ሲበየድ ይቀጣጠላል። ውሃ የያዘ የተዘጋ ቱቦም ሳይበሳ እሳት አይነካው፤ እንፋሎቱ ሊያፈነዳው ይችላል። ከቀለም በኋላ ፑንታውን በየቀዳዳው መልሰው ያሳልፉ፤ ቀለም ይደፍነዋል። የቋሚዎቹ ጫፍም ክፍት ከሆነ ክዳን ይበየድበት።

ጥያቄ፦ ዝገት ላይ ሲቀባ ጥቁር የሚያደርገው ፈሳሽ እውነት ይሠራል? ጎረቤቴ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ በቂ ነው ይላል። አቼቶም ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ሦስቱ የተለያየ ሥራ አላቸው።

ጥቁር የሚያደርገው የዝገት መለወጫ ብዙ ጊዜ ታኒክ አሲድ አለበት። ታኒክ አሲድ ከዝገቱ ጋር ተዋህዶ በውሃ የማይሟሟ ሰማያዊ ጥቁር ነገር ይሆናል። የሚሠራው ብረቱን አጥብቆ በያዘ ስስ ዝገት ላይ ነው። ቅርፊት የሠራ ዝገት ላይ ሲቀባ ላይ ላዩን ብቻ ያጠቁራል፤ ከስሩ ያለው እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በመፋቂያና በሽቦ ብሩሽ የሚነሳው ሁሉ ይነሳ፣ አቧራው ይጠረግ፣ ከዚያ ስስ አድርገው ይቀቡ። ከማሰሮው ጥቂቱን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው ይሥሩ፤ ዝገት የነካው ብሩሽ ማሰሮው ውስጥ ከተመለሰ ፈሳሹ እዚያው መጥቆር ይጀምራል። በማግስቱ ቡናማ የቀረ ቦታ ካለ ይድገሙት። በላዩ ቀለም ሳይቀባ ለዝናብ አይተው። ንጹሕ ብረት ላይ መቀባቱ ደግሞ ጥቅም የለውም፤ የሚለውጠው ዝገት የለምና።

አቼቶ ተነቅለው ለሚዘፈዘፉ ትንንሽ ዕቃዎች ነው፦ ለማጠፊያ፣ ለሰንሰለት፣ ለብሎን። መደበኛው 5 በመቶ ገደማ አሴቲክ አሲድ ነው። ዕቃው ሙሉ ለሙሉ ይስመጥ፤ ግማሹ ከውጭ ከቀረ በፈሳሹ መስመር ላይ ተቆርጦ እንደተበላ ጠባሳ ይቀራል። 12 ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ አውጥተው ይቦርሹ፤ ካልለቀቀ እስከ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በላይ ደህናውን ብረት መብላት ነው። ሲወጣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ይታጠብ፣ ወዲያው ይድረቅ፣ ዘይት ይቀባ ወይም ወደ ቀለም ይሂድ። አሥር ደቂቃ ቢዘነጉት ዓይንዎ እያየ ብርቱካንማ ይሆናል። በአንድ ሊትር ከ50 እስከ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድም ያንኑ ይሠራል፣ ሽታውም አያስቸግርም።

የሽንት ቤት ማጽጃው ብዙውን ጊዜ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው። ዝገቱን ቶሎ ያነሳል፤ ነገር ግን በብረቱ ጉድጓዶች ውስጥ ክሎራይድ ይተዋል፣ ክሎራይድ ደግሞ የዝገት ዋና አፋጣኝ ነው። ቀለሙ ከወራት በኋላ ፊኛ ያወጣል። ጭሱም ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሌላ መሣሪያ ያዝጋል። ጎረቤትዎ የሚያዩት የመጀመሪያውን ቀን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አሲድንም ሆነ አቼቶን ከበረኪና ጋር በፍጹም አይደባልቁ። መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። በረኪና ዝገት አያነሳም፤ እንዲያውም ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቆርቆሮ ሳይመታ ወር ተከምሮ ነጭ ዱቄት አወጣ። ከተመታው ላይ ደግሞ ቀለም ቀባንበት፣ በቅጠል በቅጠሉ ተላጠ። ቆርቆሮው የውሸት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በደህና ቆርቆሮ ላይ የሚደርሱ ናቸው። ነጩ ዱቄት የዚንክ ዝገት ነው። ዚንክ አየር ሲያገኝ ጠንካራ መከላከያ ሽፋን ያበጃል፤ ቆርቆሮዎቹ ተደራርበው በመካከላቸው ውሃ ሲገባ ግን አየር ስለማያገኝ ያ ሽፋን አይበጅም፣ ዚንኩ ይበላል። ዱቄቱ ስስ ከሆነ በጠንካራ የናይለን ብሩሽና በውሃ አጥበው ይምቱት፤ አየር ካገኘ ጉዳቱ ይቆማል። ከስሩ ጥቁር ወይም ቡናማ ካዩ ዚንኩ አልቋልና ያ ቦታ የዚንክ ቀለም ይፈልጋል። ቆርቆሮ ሲቀመጥ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በአንድ ጫፉ አዘቅዝቆ፣ በየመካከሉ ጣውላ ተደርጎ ይሁን።

ቀለሙ የተላጠው የተለመደው የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ ስለተቀባ ነው። የቀለሙ ዘይት ከዚንክ ጋር ተዋህዶ እንደ ሳሙና ያለ ነገር ይሠራል፤ ቀለሙ መጀመሪያ ያዘ ይመስላል፣ በኋላ በሙሉ ይለቃል። ሁሉንም ላጡ፣ በሳሙና አጥባችሁ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሻክሩ፤ ዚንኩን ጭራሽ እንዳትፍቁት ግን ቀስ በሉ። ከዚያ ለጋልቫናይዝድ ተብሎ የተሠራ መነሻ ቀለም ቀብታችሁ ቀጥሉ። የላዩ ቀለም በውሃ የሚሟሟ አክሪሊክ ቢሆን ይመረጣል። የዝገት መለወጫና አቼቶ ዚንክ አይንኩት፤ ያጠፉታል።

ጣሪያ ላይ ነጠብጣብ ዝገት ካለ፣ የቆርቆሮው ጥፋት ከመሆኑ በፊት ከላይ የተሠራውን ሥራ ያስቡ። ግራይንደር የረጨው ፍንጣሪ ትኩስ የብረት ብናኝ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። ቆርቆሮ በመቀስ እንጂ በግራይንደር አይቆረጥ፤ ሲበሳ የወደቀው ፍርፋሪም በዚያው ቀን ይጠረግ። ከመዳብ ቱቦ የሚወርድ ውሃም በዚንክ ላይ አይፍሰስ። እርጥብ ሲሚንቶና አመድም ዚንክ ይበላሉ።

ጋልቫናይዝድ ብረት የሚበየድ ከሆነ ዚንኩ ከመገጣጠሚያው በሁለቱም ወገን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይፋቅ፣ ሥራውም ውጭ ይሁን። የዚንክ ጭስ በያጁን ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያስይዘዋል።

ጥያቄ፦ ማጠፊያውና መቀርቀሪያው እንዳይዝግ የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባለን። ትክክል ነው? አንዱ ብሎን ደግሞ አልፈታም ብሏል።

መልስ፦ የተቃጠለ ዘይት ጥቂት ሳምንት ውሃ ይገፋል። ነገር ግን አሲድና የብረት ብናኝ ይዟል፣ አቧራ ስቦ እንደ ሞረድ ይሆናል፣ ለቆዳም ለአፈርም ጎጂ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ብረት ወደፊት ቀለም እንዳይቀበል ያደርገዋል። ለማጠፊያ ግራሶ፣ ለቁልፍ ቀዳዳ የግራፋይት ዱቄት ይሻላል። ቁልፍ ውስጥ ግራሶ ካስገቡ አቧራው ጭቃ ይሆንበታል።

ለተጣበቀው ብሎን መጀመሪያ ክሩን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ዘልቆ ገብ ዘይት ይርጩ፤ ይደር። በማግስቱ ዳዶውን በጎኑ በመዶሻ መታ መታ ያድርጉና ከመፍታት በፊት በጣም ጥቂት ወደሚጠብቅበት ይግፉት። ዝገቱ የሚሰበረው በዚያች እንቅስቃሴ ነው። ሲፈታ ሩብ ዙር ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ እያሉ። በኃይል ብቻ የሚፈታ ሰው የሚያተርፈው የተቆረጠ ብሎን ነው። መልሰው ሲገጥሙ ክሩን ግራሶ ይቀቡት። በማይዝግ ብሎን መተካት ይቻላል፤ ትልቅ ብረት ላይ ትንሽ የማይዝግ ብሎን ብዙ አይጎዳም። ግልባጩ ነው አደገኛው፦ ሰፊ የማይዝግ ብረት ላይ የገባ ተራ ብሎን ቶሎ ይበላል።

ጥያቄ፦ የበረንዳችን ሴራሚክ ላይ የብረት ወንበር እግር የዝገት ቀለበት ትቷል።

መልስ፦ በአንድ ሊትር ሙቅ ውሃ 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ አሟሙተው በጨርቅ ነክረው እድፉ ላይ ያንጥፉት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ሳይደርቅ። ቦርሸው ያለቅልቁ፣ ካልለቀቀ ይድገሙ። እብነ በረድና የኖራ ድንጋይ ከሆነ ግን አይሞክሩ፤ አሲዱ ፊቱን ያደበዝዘዋል። ለወንበሩ እግር የፕላስቲክ ወይም የላስቲክ ጫማ ይግዙለት፣ ከመግጠምዎ በፊት ግን እግሩን ይቀቡ።

ጥያቄ፦ ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት የመስኮት ፍርግርግ ብዙ እጅ ቀለም ተደራርቦበታል፤ ከስር ደማቅ ብርቱካንማ ቀለም ይታያል። በግራይንደር ልናነሳው ነው።

መልስ፦ ግራይንደሩን ያስቀምጡት። በቆዩ ቤቶች ከስር ያለው ደማቅ ብርቱካንማ መነሻ ቀለም የእርሳስ (ሊድ) ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ፀረ-ዝገት ነበር፤ ብናኙ ግን በተለይ ለሕፃናት አእምሮና ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው። መመርመሪያ ካገኙ ይመርምሩት፣ ካላገኙ እንዳለበት ይቁጠሩት። በደረቁ አይፈጭ፣ በእሳትም አይቃጠል። ልቅ የሆነውን ብቻ ውሃ እየረጩ በእጅ መፋቂያና ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት ያንሱ። መሬቱ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፣ መስኮቱ ይዘጋ፣ ልጆች አይጠጉ፤ የሚሠራውም ሰው ለጥቃቅን ብናኝ የሚሆን ማስክ ያድርግ እንጂ ጨርቅ አይሸፍን። የሥራ ልብሱ ከሌላው ልብስ ጋር አይታጠብ። አጥብቆ የያዘው አሮጌ ቀለም ባለበት ይቅር፣ በላዩ ይቀባ። በላዩ የሚቀባውም የዘይት ቀለም ይሁን፤ በኃይለኛ ቲነር የሚሟሟ ቶሎ ደራቂ ቀለም የታችኛውን አሮጌ ቀለም አኮማትሮ ያነሳዋል።

ጥያቄ፦ የሰገነታችን የብረት መደገፊያ እግሩ ዝጓል፤ ተደግፈነው ግን አልተነቃነቀም። ቀለም ቢበቃውስ?

መልስ፦ በሰውነት ተደግፎ መሞከር ፈተና አይደለም፤ ቢወድቅ አብረው ይወድቃሉና። በውስጠኛው በኩል ቆመው እያንዳንዱን እግር በመዶሻ መታ መታ ያድርጉ። ደህና ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። እግሩ ሥር ያለው ኮንክሪት ተሰንጥቆ ወይም ተነስቶ ከሆነ፣ ውስጥ ያለው ብረት ዝጎ እያበጠ ነው ማለት ነው። ካቻቪቴ የገባበት ወይም ኮንክሪቱ የተነሳበት አንድ እግር እንኳ ካለ፣ በያጅ መጥቶ እስኪያየው ድረስ ሰገነቱ ላይ ማንም እንዳይወጣ በሩን ቆልፉት።